ሰው ያለ እጅ ስልክ መኖር ይችላልን?

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ሲነሣ እሰማለሁ። የእጅ ስልክ ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነውና፥ ከዚያ በፊት የነበሩት ሁሉ ያለ እርሱ ወልደው፥ ከብረው፥ አርጅተው እንዳለፉ ማንም ያውቃል። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ የአባቴን ድምፅ ለወራት አልሰማም ነበር፤ በመኪና ነጂ እጅ የምትደርሰኝን አንዲት ደብዳቤ እጥፋቷ እስኪቀደድ ድረስ እያነበብሁ እጽናና ነበር። ስለዚህ «ይቻላል» የሚሉት ሰዎች በቀላሉ የረቱ ይመስላቸዋል።

ነገር ግን ያን ጊዜ ስልክ የሌለው ሰው ብቻውን አልነበረም፤ ዛሬ ስልክ የሚሠራውንም ሥራ የሚሠራ ልማድ ነበረ። መልእክተኛ ነበረ፤ ቀጠሮ ከተሰጠ አይለወጥም ነበር፤ ሳይጠሩ ሰው ቤት መሄድ ነውር አልነበረም፤ ሰው ሲሞትም የዕድር ጡሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞረ ያረዳ ነበር። አሁን ልማዱ ፈርሷልና፥ ስልክ የሌለው ሰው ወደ አያቶቹ ዘመን አይመለስም፤ ከሁለቱም ዘመን ውጭ ይቀራል እንጂ።

የምኖረው በቡራዩ ነው። በሰፈራችን አንድ ዕድር የጡሩምባ ነፊውን ደመወዝ ለማትረፍ ሲል ሞትን በስልክ መልእክት ማስታወቅ ጀመረ። አንዲት ስልክ የሌላቸው ባልቴት፥ ስንት ዓመት ቡና አብረዋቸው የጠጡት ጎረቤታቸው አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሞተው ሲቀበሩ ሳይሰሙ ቀሩ፤ የሰሙት በሦስተኛው ቀን ነው። የዕድሩ ዳኛ «እማማ፥ ስልክ ይግዙ እንጂ» ቢሏቸው፥ «ደጄን ታውቁት የለም ወይ?» አሉ። ለዚህ ንግግር መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

በሱሉልታ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬም የቀን ሠራተኛ ነው። ድሮ ማለዳ አደባባይ ላይ የቆመ ሁሉ ዕድሉን ይሞክር ነበር፤ አሁን ግን አሠሪው ማታ ደውሎ የሚፈልገውን ስለሚመርጥ፥ ስልኩ የተበላሸበት ሳምንት ልጆቹ የሚበሉት እንዳጡ ነግሮኛል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ መክፈልና መቀበሉም ወደ ስልኩ እየገባ ሄዷል።

ይህን ስል ስልክን እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። በሰበታ መርሐ ዕውራን የተማረ ወዳጅ አለኝ። ጽሕፈቱን በድምፅ የሚያነብለት ስልክ ከያዘ ጀምሮ የሚስቱን ደብዳቤ ለሌላ ሰው «አንብብልኝ» ማለት ቀርቶለታል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላም በትግራይ ስልክ በተቋረጠባቸው ወራት፥ መንገዱም ተዘግቶ ነበርና፥ ስንት እናት የልጇን መኖርና መሞት ሳታውቅ ከረመች! ይህን የሰማ ሰው ስልክ ቅንጦት ነው ለማለት አይደፍርም።

«ስልክ ትቼ ሰላም አገኘሁ» የሚሉ ባለጠጎችም አሉ። ይሆናል፤ ጸሐፊያቸውና ሚስታቸው ይደውሉላቸዋልና። እኔ የምጠይቀው ግን እነዚያን ሳይሆን ዕድሩን፥ ባንኩንና ቀበሌውን ነው፤ በእግሩ መጥቶ ለሚጠይቅ ሰው የተዉት መስኮት አለ ወይ?

ባለፈው የዕድር ስብሰባ ጡሩምባ ነፊው ይመለስ ብዬ አሳስቤ ነበር። አንዳንዶች ሣቁ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ደገፉኝ፤ ዳኛው ግን ወጪው ይጠና ብለው ነገሩን ለሚመጣው ወር አሳደሩት።