ትንሹ ዓሣ የት ይሽሽ?

 

የዛሬው ማስታወሻችን ስለ ዓሣ ነው። አዎ፣ ስለ ዓሣ። አትሳቁ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እስቲ አስቡት። ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሳሎኑ ጥግ ላይ አኳሪየም አለ። ውስጡ የጨው ውሃ፣ ጥቂት ድንጋይና ሁለት ክላውንፊሾች። በ2003 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፊልም ወዲህ ልጆች «ኒሞ» የሚሏቸው፣ ብርቱካናማና ነጭ ቀለም ያላቸው ዓሦች ናቸው። ጥንድ ይሆናሉ ተብለው ነው የተገዙት። ትንሽ ቆይቶ ግን ትልቋ ትንሹን ታሳድደው፣ ክንፉን ትነክሰው ጀመር። እሱም ከውሃው ወለል ሥር ጥግ ይዞ ይውላል፤ ለምግብ እንኳ አይወጣም። የቤቱ ሰው አየት ያደርግና «ተዋቸው፣ ይላመዳሉ» ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ እዚህ ቤት ውስጥ ጥፋት አለ? ካለስ የማን ነው?

የትልቋ ነው እንዳንል፣ ዓሣ ሙከለፍ አይደለችም፤ ሒሳብ የለባትም። የምታደርገውም አላህ (ሱ.ወ) የፈጠረባትን ነው። ክላውንፊሾች ሲፈለፈሉ ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት። በአንድ ቡድን ውስጥ ትልቋ ብቻ ሴት ትሆናለች፤ ሁለተኛው በመጠን ተከታዩ ወንድ ነው፤ የቀሩት ትንንሾቹ ተራ ይጠብቃሉ። ሴቷ ስትሞት ወንዱ ወደ ሴትነት ይለወጥና ከሥሩ ያለው ቦታውን ይይዛል። ይህ ተራ የሚጠበቀው በመጠን እና በማባረር ነው። ሱብሓነላህ! ስለዚህ ትልቋ ትንሹን ስታባርር ጭካኔ ሳይሆን ደረጃዋን እያስከበረች ነው። እሱም በጎኑ ዘንበል ብሎ ሲንቀጠቀጥ «ገብቶኛል፣ ተራዬን አውቃለሁ» እንደማለት ነው። እንዲህ ተግባብተው የሚያድሩ ጥንዶች ብዙ ናቸው። ወንዱ እንቁላሉን በክንፉ እያራገበ ይጠብቃል፤ እሷም አካባቢውን ትከላከላለች። ለእያንዳንዷ ማባረር እጃችንን ውሃ ውስጥ ብንከት ሰላማቸውን እናዘገየዋለን እንጂ አናፋጥነውም።

ታዲያ «ተዋቸው» ያለው ሰው ልክ ነው ማለት ነው? አይደለም። ምክንያቱም አንድ ነገር ረስቷል፤ መስታወቱን።

እውነት ነው፣ ባሕርም ቢሆን ለደካማ አይራራም። ከመጠለያው ከባሕር አኒሞን የተባረረ ክላውንፊሽ ለትልልቅ ዓሦች ቀለብ መሆኑ የማይቀር ነው። ነገር ግን ባሕር ውስጥ ያንን ጥንድ የመረጠ ሰው የለም። እዚህ ግን ሁለቱን የመረጠው፣ የውሃውን ስፋት የወሰነው፣ ድንጋዩን የደረደረው የቤቱ ሰው ነው። የመሸሻውን በር የዘጋው እሱ ነው። በር የዘጋ ሰው ደግሞ «እኔ አልነከስኩም» ብሎ ነፃ አይወጣም።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የድመቷን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንዲት ድመት ምክንያት ስለተቀጣች ሴት ነግረውናል። ሴትየዋ ድመቷን አሠረቻት፤ አላበላቻትም፤ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ልብ በሉ፣ ሴትየዋ ድመቷን መታች አልተባለም። ጥፋቷ ሁለቱንም በር መዝጋቷ ነው። የያዝነውን ወይ እንንከባከባለን፣ ወይ እንለቃለን። ክላውንፊሽ ያለው ሰው ግን መልቀቅ እንኳ አይችልም። ቦሌ ቡልቡላ ባሕር የለም፤ አቃቂ ወንዝ ቢጨምረው ጨው በሌለው ውሃ ይሞታል። ስለዚህ የቀረው አንድ በር መንከባከብ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አማናው ከድመቷም ይከብዳል።

ይህን ስንል እንስሳን ቤት ማኖር ሐራም ነው ማለታችን አይደለም። የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ በፍቅር ይጠይቁት ነበር። ዑለሞች ከዚህ በመነሳት ምግቡና ምቾቱ ከተጠበቀ ወፍን ቤት ማኖር ይፈቀዳል ብለዋል። ፈቃዱ ግን ከኃላፊነቱ ጋር ነው የመጣው።

መንከባከብ ሲባል ምን ማለት ነው? በተራ ማስከበርና በጉዳት መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ነው። ትንሹ ተባርሮ ተመልሶ ከመጣ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከበላ፣ ደህና ነው። ክንፉ ከተቀደደ፣ ምግብ ካቆመ፣ ጥግ ይዞ ከቀረ ግን ዕለቱኑ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ትልቋን በቀዳዳ ሣጥን ወይም ውሃ በሚያሳልፍ መለያ ለጥቂት ቀናት ለይቶ ማቆየት፣ በዚያ ጊዜ ትንሹን አጥግቦ ማብላት፣ ድንጋዩን እንደገና ደርድሮ የ«ግዛቴ» ስሜቷን ማለዘብ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማገናኘት። ድጋሚ ከተጎዳ በሌላ አኳሪየም ለይቶ ማኖር ወይም ለሚችል ሰው መስጠት። ከመግዛታችን በፊትም በመጠን በግልጽ የሚበላለጡ ሁለት ትንንሾችን መምረጥ ብዙ ጠብ ያስቀራል። እኩያሞች ሲሆኑ ማን ትልቅ እንደሆነ የሚለየው በንክሻ ነውና።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ሐሳብ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ያነሰ ነው። ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። መብራት ሲጠፋ አየር የሚሰጠውም የሚያሞቀውም መሣሪያ ይቆማል። ይህን ለመሸፈን አቅም የሌለው ሰው አለመግዛቱ ራሱ እዝነት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለወጣቶቻችን፦ ዓሦቹ ሲናከሱ ቀርፆ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ። እንስሳትን እርስ በርስ ማጣላት መከልከሉ በአቡ ዳዉድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። መለየት እየቻሉ ለሳቅ ሲሉ መተው ከማጣላት ምን ያህል ይርቃል? መልሱን ለየራሳችን እንተወው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። ፒተር በስተን የተባለ ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት አለ። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ባሕር ያጠናቸው ክላውንፊሾች ከበላያቸው ካለው ዓሣ ጋር የመጠን ልዩነታቸውን ጠብቀው ይኖራሉ፤ ታናሹ እድገቱን ይገታል። በመጠን ከቀረበው ጠብ ይነሳል፤ ጠብ ከተነሳ ይባረራል። ስለዚህ ትንሽ ሆኖ ይቆያል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሰላም ይመስላል።

ዓሣ ለሰው ሕግ አይሆንም፤ ከዓሣ ተነስተን ስለ ባልና ሚስት አንፈርድም። ግን ይህን ስታነቡ ማን ትዝ አላችሁ? ከገጠር መጥታ ቤታችሁ የምትሠራዋ ልጅ? አጎቱ ዘንድ ተጠግቶ የሚማረው ዘመዳችሁ? ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የሚሳቅበት ልጅ? ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምግባቸውን አሳንሰው፣ ራሳቸውን አጥፈው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ካደጉ የሚባረሩ ስለሚመስላቸው ነው። እኛም ዝምታቸውን አይተን «ሰላም ነው፣ ተላምደዋል» እንላለን።

ሶብር ትልቅ ዒባዳ ነው። ሆኖም መሄጃ ለሌለው ሰው «ሶብር አድርግ» ብሎ መስታወቱን ይዞ መቆም ሶብርን ማስተማር አይደለም፤ ዙልምን ማስዋብ ነው። ዓሣው ሊናገር አይችልም። ሰው ግን ይችላል፤ የሚጠብቀው ቢናገር የማይባረር መሆኑን ማወቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጁሙዓ፣ ሱረቱል ካህፍን ቀርተን፣ ሰለዋት አውርደን ስንጨርስ አንድ ጥያቄ ለራሳችን እንጠይቅ፦ በሩ በእኔ እጅ ያለ፣ እኔ ካልከፈትኩለት መሄጃ የሌለው ፍጡር ማን ነው? ሰውም ይሁን ዓሣ፣ ዛሬ ማታ ጠጋ ብለን እንየው። በልቷል? ቆስሏል? ጥግ ይዟል?

አላህ በእጃችን ያኖረውን አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። ከሥራችን ላሉት ሰፊ ልብ ይስጠን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።