የጂንጂች ውል

ፍትሕ ያለበት ሥርዓት ለመትከል ከወንጀለኛ ጋር መዋዋል ይፈቀዳል? ፈላስፎች ከማኪያቬሊ ጀምሮ ተከራክረውበታል። በሰርቢያ ግን ፈተናው የወደቀው ራሳቸው ፈላስፋ በሆኑ ፖለቲከኛ ጫንቃ ላይ ነበር።

ዞራን ጂንጂች እ.ኤ.አ. በ1952 ተወለዱ። በኮሚኒስት ዩጎዝላቪያ ነጻ የተማሪዎች ንቅናቄ ለማቋቋም በመሞከራቸው ተፈርዶባቸው ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዱ፤ በ1979 ከኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። አገራቸው ተመልሰውም የዴሞክራቲክ ፓርቲ መሥራች ሆኑ።

የዩጎዝላቪያው ፕሬዚዳንት ስሎቦዳን ሚሎሼቪች ከሥልጣን በወረዱበት ዋዜማ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 2000 ሌሊት፣ ጂንጂች የልዩ ዘመቻዎች ጦር አዛዥ የነበረውን ሚሎራድ ኡሌሜክን በድብቅ አገኙት። የሚሎሼቪች አገዛዝ ለስውር ግድያ ይጠቀምበት የነበረው ይህ ጦር በማግሥቱ በሰልፈኛው ላይ እንደማይተኩስ ቃል ገባ፤ አልተኮሰምም። ምክር ቤቱም ቴሌቪዥን ጣቢያውም በሕዝብ እጅ ገቡ።

ጂንጂች በጃንዋሪ 2001 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት ጁን 28 ቀን ሚሎሼቪችን በሄሊኮፕተር አሳፍረው ወደ ሄግ የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት ሲልኩ፣ ሰርቢያ አባል የነበረችበት የዩጎዝላቪያ ፌዴሬሽን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እርምጃውን አግዶት ነበር። መንግሥታቸው የጠቀሰው አንቀጽ ደግሞ በሚሎሼቪች ዘመን ከተጻፈው የ1990ው የሰርቢያ ሕገ መንግሥት የተወሰደ ነው፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል። ሚሎሼቪች በተላኩ ማግሥት ለጋሾች ብራሰልስ ላይ ለዩጎዝላቪያ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እርዳታ ቃል ገቡ። ሚሎሼቪችን የተኩት፣ የሕግ ምሁር የነበሩት የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ቮዪስላቭ ኮሽቱኒትሳ ግን ድርጊቱን ሕገ ወጥ አሉት።

ማክስ ዌበር በ1919 ባሰማው ንግግር ለመርሕ ብቻ የሚታመነውን ሥነ ምግባር ድርጊቱ ለሚያስከትለው ውጤት ከሚጠየቀው ለይቶት ነበር። ኮሽቱኒትሳ ወደ መጀመሪያው፣ ጂንጂች ወደ ሁለተኛው ያደላሉ። ኮሽቱኒትሳን ግትር ብሎ ማለፍ ግን አይገባም፤ ባልተመቸ ጊዜ የሚታለፍ ሕግ ለሚቀጥለው ገዥም መንገድ ይከፍታል። በሌላ በኩል ውጤትን መመዘኛ ያደረገ ሰው የውጤቱን ሁሉ ዕዳ ይሸከማል፤ የኡሌሜክ ውል ደም እንዳይፈስ ቢያደርግም ጦሩን ከነትጥቁ አቆይቶታል። በኖቬምበር 2001 ጦሩ አምፆ የቤልግሬድን አውራ ጎዳና በብረት ለበስ መኪና ሲዘጋ መንግሥት ከመቅጣት ይልቅ የደኅንነት ኃላፊዎችን ለወጠ። የጂንጂች ስሕተት ውሉን መግባታቸው ሳይሆን ማፍረስ በሚገባቸው ሰዓት መዘግየታቸው ነው።

ማርች 12 ቀን 2003 ጂንጂች በመንግሥት ሕንፃ ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ተኳሹ የዚያው ጦር መኮንን ሲሆን፣ ፍርድ ቤት በ2007 እሱንም ኡሌሜክንም በ40 ዓመት እስራት ቀጣ። ጦሩ የፈረሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሞቱ በ13ኛው ቀን ነው።