የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ገመድ የሌለው እስር

 

ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ድመትና ስለ እባብ ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነው።

ከሁለት ረመዷን በፊት በተከራየሁበት ግቢ አንዲት ግራጫ ድመት ነበረች። የማንም አልነበረችም። አይጥ እያደነች፣ ከየደጃፉ የተጣለውን እየለቃቀመች ትኖር ነበር። ለሱሁር ተነስቼ መብራት ሳበራ ትመጣለች፤ ከምበላው ሥጋ ቆርጬ እሰጣታለሁ። ውሎ ሲያድር ሥጋውን ከፍ አድርጌ መያዝ ጀመርኩ። እሷም በኋላ እግሮቿ መቆም ለመደች። ትንሽ ቆይቶ ሥጋ ባይኖርም እጄን ሳነሳ ትቆም ጀመር። ቀርጬ ለቀቅኩት፤ ሰዉም ወደደው። "የዛሬውስ?" እያለ የሚጠይቀኝ በዛ፤ እኔም በየሌሊቱ አስቆማት ነበር።

ከዒድ በኋላ ሥራ ስለቀየርኩ ሰፈሩን ለቀቅኩ። ድመቷንም ረሳኋት። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የግቢያችን እናት ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ድመትህ ሌሊት ሌሊት በርህ ላይ እየመጣች ታለቅሳለች። አዲሱ ተከራይ ሲከፍት በሁለት እግሯ ትቆምለታለች። እሱ ደግሞ ደንግጦ ውሃ ይደፋባታል። ምን አስተምረሃት ነው የሄድከው?" አሉኝ።

ምን አስተምሬያት ነው የሄድኩት? መልስ አጣሁ።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዚያችን ሴት ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። በድመት ምክንያት እሳት የገባችውን ማለቴ ነው። ጥፋቷን ግን ልብ ብለን አይተነዋል? ድመቷን አሰረቻት፤ አላበላቻትም፤ ከምድር ነፍሳት ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። እንስሳዋ ሪዝቋን የምትፈልግበትን በር ዘጋችባት፤ በምትኩ ሌላ በር አልከፈተችላትም። ይህን ሐዲስ ስሰማ ሁልጊዜ ጨካኝ ሴት ነበር የምትታየኝ። እኔ ሩህሩህ ነኝ፣ ገመድም የለኝም፣ ሥጋ ነው የሰጠሁት እል ነበር። አሁን ግን ይገባኛል፤ ልማድም ያስራል። ለዚያውም የልማድን ገመድ ጎረቤት አያየውም፤ አላህ ግን ያየዋል።

ልማድ እንዴት እንደሚያስር ተመልከቱ። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናቱ የተራቡ ድመቶችን ሳጥን ውስጥ ዘግቶ፣ ምግቡን ከውጭ ያስቀምጥ ነበር። ድመቷ እየቧጠጠች ድንገት መክፈቻውን ትነካና ትወጣለች። ሲደጋገም ግን መቧጠጡን ትታ በቀጥታ ወደ መክፈቻው ትሄዳለች። ምግብ ያስገኘ ድርጊት ይደገማል፤ ያላስገኘው ይቀራል። ስለዚህ "ድመቴ አመሏ ከፋ፣ ሌሊት እየጮኸች ታስነሳኛለች" ስትሉ ቆም በሉ። በጮኸች ቁጥር ተነስቶ ያበላት ማን ነው? ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው እምብዛም "ሚያው" አይባባሉም። ያንን ድምፅ የሚያሰሙት በአብዛኛው ለእኛ ነው።

ምግቡም እንደዚሁ ነው። "የኔ ድመት ሽሮ ትበላለች፣ ኬክ ትወዳለች" ብለን ስንቀርጽ እንስቃለን። ድመት ግን ሥጋ በል ሆና የተፈጠረች ናት፤ የጣፋጭን ጣዕም እንኳ አትለይም። ከሥጋ የምታገኘው ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ካጠራት ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። ወጣችን ውስጥ የማይጠፋው ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርስባታል። እኛ ዘንድ የአንድ ደቂቃ ሳቅ የሆነው እሷ ሰውነት ውስጥ በሽታ ይሆናል።

ወደ እባቡ እንምጣ። እኛ አገር ቤት ውስጥ እባብ የሚያሳድግ ብዙም አናይ ይሆናል፤ በስልካችን ግን በየቀኑ እናያለን። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁም የጓደኞቻችሁ ቤት አይታችሁ ይሆናል። እባብን ቤት ውስጥ ማኖር ሑክሙ ምንድን ነው የሚለውን ለዑለሞች እተወዋለሁ፤ ብዙዎቹ እንደማይፈቅዱት ግን እወቁ። እኔ የማነሳው ላይክ አድርገን ስለምናልፈው ነገር ነው።

ቦል ፓይተን የሚባል የምዕራብ አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ አለ። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ሰው ግን መዳፉ ላይ አስቀምጦ "እዩት፣ እንዴት እንደሚያምር!" ይላል። ፍርሃቱን ውበት ብለን ጠራነው። እባብ ከበላ በኋላ ምግቡን ለመፍጨት ሙቀትና እረፍት ያስፈልገዋል፤ ወዲያው አንስተው አንገታቸው ላይ ሲጠመጥሙት የበላውን ሊያስመልስ ይችላል። ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር አይጥ የሚጣልለት እባብ ደግሞ የሚገባውን እጅ ሁሉ ምግብ ነው ብሎ ይነድፋል። ከዚያ "ክፉ እባብ" ይባላል። ንድፊያውን ያስለመደው ያው እጅ ነው። ለተመልካች ብሎ በሕይወት ያለ አይጥ የሚጥልም አለ፤ አይጡ በፍርሃት ይሯሯጣል፣ አንዳንዴም እባቡን ነክሶ ያቆስለዋል። ጠንቃቃ የሆኑት አስቀድሞ የሞተ አይጥ በመቆንጠጫ ይሰጣሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ነገር የተኩስ ዒላማ ማድረግን እንደከለከሉ አስታውሱ። የነፍስ ጭንቀት ለሰው መዝናኛ አይሆንም።

"ታዲያ እንስሳ ማሰልጠን ሐራም ነው እያልክ ነው?" ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ሱረቱል ማኢዳ 4ኛው አያ ላይ አላህ ስለሰለጠኑ አዳኝ እንስሳት ሲናገር፣ የምታስተምሯቸው እሱ ካስተማራችሁ ነው ይለናል። እንግዲህ ማስተማር የተፈቀደ ነው፤ ግን ዕውቀቱ የራሳችን አይደለም፣ የአላህ አማና ነው። አዳኝ ውሻም የሚሰለጥነው በተፈጠረበት ነገር ላይ ነው። ማብላትም አጅር አለው፤ ውሻ ስላጠጣው ሰው በሚናገረው ሐዲስ ሕይወት ላለው ሁሉ በሚደረግ በጎነት ምንዳ እንዳለ ተነግሮናል። እኔ ሥጋ በመስጠቴ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት አስለምጄ፣ ተጠቅሜ፣ ዞር ብዬ ሳላይ በመሄዴ ነው።

ስለዚህ ከማስለመዳችን በፊት ራሳችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፦ ይህ ነገር ከፊጥራዋ ጋር የሚሄድ ነው ወይስ የሚጣላ? ድመት አፈር ባለበት ዕቃ እንድትጸዳዳ ማስለመድ ከተፈጥሮዋ ጋር ይሄዳል። እያስደነገጡ ስትዘል መቅረጽ ግን ጭካኔ ነው።

ሁለተኛ፦ ለማን ብዬ ነው? ካሜራው ባይኖር አደርገው ነበር?

ሦስተኛ፦ እኔ ብሄድ፣ ብታመም፣ ብሰለች ያስለመድኩትን ማን ይቀጥልላታል?

ያስለመዳችሁትን ማስተው ከፈለጋችሁ ደግሞ አትምቱ። በሰዓቱ አብሏት፤ ስትጮህ ግን አትስጧት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ሊብስ ይችላል፤ ታገሱ። አንድ ቀን ጠንክራችሁ በሌላው ቀን ከተሸነፋችሁ፣ አብዝታ መጮህን ነው የምታስተምሯት። ነፍሲያችንም እንዲሁ ናት፤ በለመነችን ቁጥር ያበላናት ነገር ነገ በራችን ላይ ቆሞ ይጮህብናል።

ድመት በቂያማ ቀን "ለምን ሰውን ሌሊት አስነሳሽ?" ተብላ አትጠየቅም። እኛ ግን ስለ እሷ እንጠየቃለን።

እናታችን በደወሉልኝ ማግስት ሄድኩ። ከስታ፣ ጸጉሯ ተበታትኖ አገኘኋት። እጄ ባዶ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ስታየኝ በሁለት እግሯ ቆመች። አፈርኩ። በካርቶን ይዣት መጣሁ፤ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ምግቧን መሬት ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ ቆማም እንድትለምነኝ አልጠብቅም። የቀረጽኳቸውንም ቪዲዮዎች አጠፋሁ።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ የዋሻው ወጣቶች ውሻ ጋር ስትደርሱ ቆም በሉ። የፊት እግሮቹን ደጃፉ ላይ ዘርግቶ ተኝቷል። ምንም ትርኢት አላሳየም። ከደጋግ ሰዎች ጋር ስለነበረ ብቻ እስከ ቂያማ ድረስ ይነሳል። የእኛስ እንስሳት ደጃፋችን ላይ ምን አግኝተው ይሆን?

አላህ ለደካማ ፍጡሮቹ የሚራራ ልብ ይስጠን፤ ሳናውቅ ያሰርናቸውን የምንፈታበትን ቀን ያቅርብልን። በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ።