አውቶቡስን ቤት ላደረጋችሁ ልጆቼ

አሮጌ የተማሪ አውቶቡስ ገዝታችሁ፣ ወንበሩን ነቅላችሁ አልጋና ማድ ቤት ልትሠሩበት መሆኑ ከተሰማ ወዲህ ዘመድ አዝማዱ «ምን ነክቷቸው ነው?» ይላል። እኔ አልፈርድም። በዚህ በአሜሪካ የጭነት መኪና እየነዳሁ፣ ከወንበሬ ጀርባ ባለች ጠባብ አልጋ እያደርኩ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። መንገድ ላይ በወግ መኖር ይቻላል። የሚያሰጋኝ ጥድፊያችሁ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶች፤ ለእናንተ ደግሞ ቃል በቃል ነው። በችኮላ የገጠማችሁት መሳቢያ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሳህኑን ሁሉ ይደፋዋል።

ቀለሙን ትታችሁ ከጎማው ጀምሩ። ብዙ ቆሞ የኖረ አውቶቡስ ጎማው ሙልጭ ሳይል ያረጃል፤ ላዩ አዲስ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ደርቋል። ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች አንብቡ። 2314 ካለ እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሙሉ ቁጥሩ በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል የኋላውን ድርብ ጎማ ከመኪናው ሥር ገብታችሁ በባትሪ ፈልጉት። ልብስ ይቆሽሻል፣ ይቆሽሽ።

ቁመቱንም ጣሪያ ላይ ከሚወጣው የፀሐይ ሰሌዳ ጋር ለክታችሁ፣ ጽፋችሁ ከመሪው ፊት ለጥፉት። ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ ውስጥ 11 ጫማ ከ8 ኢንች የሆነ የባቡር ድልድይ ነበር፤ የስንቱን ጭነት መኪና ጣሪያ ገሸለጠው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከፍ አደረጉት፣ ዛሬም የሚገጨው አልጠፋም።

እንጨትና ሚስማር ላይ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት ኢንሹራንስ የሚገባላችሁን ፈልጉ። ሰው ራሱ ቤት ያደረገውን አውቶቡስ አንሸፍንም የሚሉ አሉ፤ የባለቤትነት ወረቀቱ (ታይትሉ) ወደ ሞተር ሆም እንዲቀየር የሚጠይቁም አሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ መጀመሪያ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቃችሁ ከዚያ ሥሩ።

ውሃን አትናቁት። 100 ጋሎን ውሃ 380 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ታንከሩ ዝቅ ብሎ፣ በደንብ ታስሮ ይቀመጥ። በሐይቅ ዳር ቆማችሁ ደግሞ የሚጠጣ ልታጡ ትችላላችሁ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ። ወጥ የበላችሁበትን ሳህን ከማጠባችሁ በፊት ቅባቱን በወረቀት ጥረጉት። ውሃ ይተርፋችኋል፣ ቧንቧውም በቅባት አይደፈንም። እጣቢውን ሜዳ ላይ አትልቀቁ፤ የፍሳሽ መድፊያ ጣቢያ አለለት።

አሁን ወደ እንጀራው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ይስባል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ የሊቲየም ባትሪ የሚይዘው ደግሞ 1,200 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። ምጣዱ ሳያቋርጥ ከሳበ ሰዓት ሳይሞላ ባትሪያችሁ አለቀ። ስለዚህ መብራት መሰኪያ ያለው ካምፕ ባደራችሁ ቀን አብዝታችሁ ጋግሩ፤ ከሚበላው የተረፈውን ድርቆሽ አድርጉት። የአሪዞና ፀሐይ ለዚህ ትመቻለች። ድርቆሽ ቦታ አይዝም፣ ማቀዝቀዣም አይፈልግም፤ ሽሮ ላይ ጣል ስታደርጉት ይለሰልሳል። በሶ፣ ቆሎና ቋንጣም እንዲሁ ናቸው። እኔ ብሆን ለትልቅ ማቀዝቀዣ ከማወጣ ያንን ገንዘብ ለሁለተኛ ባትሪ አደርገው ነበር።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፦ አውቶቡሱ ውስጥ ከሰል እንዳታቀጣጥሉ። ለጀበናም ቢሆን፣ ብርድ ቢበረታም፣ በር ገርበብ አድርጌያለሁ ብላችሁም ቢሆን። የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል። የዚህ ጋዝ ማንቂያ አልጋችሁ አጠገብ ይኑር። ለፕሮፔኑ ሌላ ማንቂያ ወለሉ አካባቢ ግጠሙ፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ቡና ስትቆሉ ጮኸ ብላችሁ ባትሪውን እንዳታወጡበት፣ መስኮት ክፈቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

ቤታችሁ ሲዞር ወረቀታችሁ አንድ ቦታ ይቁም። መንጃ ፈቃድ፣ ግብር፣ የሐኪም ደብዳቤ ሁሉ አድራሻ ይጠይቃል። እንደ እናንተ የሚዞሩ ብዙዎች ቴክሳስን፣ ፍሎሪዳን ወይም ሳውዝ ዳኮታን መኖሪያ አድርገው ፖስታቸውን የሚያስተላልፍላቸው ድርጅት ይይዛሉ። አንዳችሁ ገና በግሪን ካርድ ስለሆናችሁ፣ አድራሻ በተቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ መሆኑን አትርሱ። የመንግሥት መሬት ላይ በነጻ ስታድሩም በአብዛኛው ቦታ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም። ፖሊስ ቢያንኳኳ ረጋ ብላችሁ መልሱ፤ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል።

ደግሞ ማታ ማታ የቆማችሁበትን ቦታ ለእናታችሁ ላኩላት። እሷ እንቅልፍ የምታገኘው ያን ጊዜ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት መጥታችሁ አንድ ሳምንት እኛ ግቢ አቁሙት። ከቤት ውሃም መብራትም ሳትወስዱ እዚያው እደሩ፣ እዚያው አብስሉ። በየማታው በየመንደሩ ኩርባ አንድ ዙር እንነዳዋለን፤ የሚንኳኳውን እየሰማን እናጠብቀዋለን። የመፍቻ ሳጥኔን አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ።