ማንሳትና ማስነሳት

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራውን የሚጠራው ባለጠመንጃ በሚጠራበት ግሥ ነው። እርሱም ይደግናል፤ እርሱም "ይተኩሳል"። የእኛ ቋንቋ ከዚህ ይልቅ የዋህ ይመስላል። እኛ ፎቶ እናነሳለን፤ የወደቀ ልጅ እንደምናነሳ፣ በጨዋታ መካከል የደግ ሰው ስም እንደምናነሳ ሁሉ። ይሁን እንጂ ጠጋ ብሎ ለመረመረው ቃሉ ሌላም ፊት አለው። የሰው ዕቃ ከተቀመጠበት ብድግ አድርጎ መሄድም ማንሳት ነው። አንዲት ፊደል ሲጨመርበት ደግሞ "ማስነሳት" ይሆናል፤ አዳኝ የተኛ አውሬ ከጥሻ ውስጥ የሚያስነሳበት ቃል። እንግዲህ ልጠይቅ፤ አንዲትን ወፍ ፎቶ ስናነሳ የምናደርገው ከነዚህ የትኛውን ነው? እናከብራታለን? አንድ ነገር እንወስድባታለን? ወይስ ከቆመችበት እናስነሳታለን?

ጥያቄው የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሰው በሰው ላይ ይህን ሁሉ በሚያደርግበት ዓለም የወፍ ነገር ምን ያህል ያስጨንቃል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ትልልቆቹን የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ጥላቻ፣ ፖለቲካና ጥቅም ይጋርዷቸዋል። ትንሿ ጥያቄ የጠራ ውሃ ናት፤ ታችዋ ይታያል።

እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ከተማ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል፣ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር፣ ኬኒልወርዝ የሚባል የውሃ አትክልት ሥፍራ አለ። ዋልተር ሾው የተባለ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣ የግምጃ ቤት ጸሐፊ፣ በ1880ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከትውልድ አገሩ ከሜይን ጥቂት የውሃ አበቦች አስመጥቶ በኩሬ ተከለ። ለደስታው የጀመረው ነገር ንግድ ሆነ፤ ልጁ ሔለን ፋውለርም አስፋፋችው። በ1930ዎቹ ወንዙን ለመጥረግ የተጀመረው የመንግሥት ሥራ ኩሬዎቹን ሊያጠፋ ሲቃረብ ነገሩ መከራከሪያ ሆነና በ1938 መንግሥት ቦታውን በ15,000 ዶላር ገዝቶ የሕዝብ አደረገው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ድረስ ሎተስ የሚባለው አበባ ከሰው ቁመት እየተስተካከለ ሲፈነዳ፣ ከተማው በሙሉ ካሜራውን አንግቶ የሚመጣ ይመስላል።

ከአበቦቹ መካከል ደግሞ የኩሬዎቹ ነባር ነዋሪዎች አሉ። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ሳቢሳ የተባለችው፣ ብዙዎቻችን ከሽመላ ጋር የምናምታታት ባለረዥም እግርና ባለረዥም አንገት ወፍ በሦስት ዓይነት ትገኛለች፤ ትልቋ ግራጫማ ሰማያዊ፣ ነጯ እና አጭሯ አረንጓዴ። ትልቋ ስትቆም ከአንድ ሜትር በላይ ትረዝማለች፤ ስትመዘን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ኪሎ ብቻ ናት። ሥራዋ መቆም ነው። ውሃ ውስጥ እግሯን ተክላ፣ አንገቷን አጥፋ፣ ዓሣው እስኪረሳት ድረስ ትጠብቃለች። ላላወቀ ሰው ሥራ የፈታች ትመስላለች። እርሷ ግን በዚያች ዝምታ ውስጥ የቀኗን እንጀራ እየጋገረች ነው።

ባለፈው ሐምሌ በአንድ ማለዳ ያየሁትን ልንገራችሁ። ነጠላ የለበሱ አንዲት አዛውንት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው በሁለት ኩሬዎች መካከል ባለው የሣር መንገድ ይመጣሉ። ከፊታቸው አንድ የአገራችን ልጅ ትልቅ ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ ይዞ ነጭ ሳቢሳ ላይ አነጣጥሯል። ወፏ አልተንቀሳቀሰችም። ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ሰለቸውና ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። ሳቢሳዋ ክንፏን ዘርግታ ስትነሳ ካሜራው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ተንጣጣ።

"አንተ ልጅ፣ ምን አድርጋህ ነው?" አሉት አዛውንቷ።

"ይቅርታ እማማ፤ ክንፏን ስትዘረጋ ነው የምታምረው።"

"እሱስ ዘረጋች። እኛ ግን ያየነው ጀርባዋን ነው።"

ልጅቷ ተመልሳ ትመጣ እንደሆነ ጠየቀች። የመለሰላት አልነበረም። ወጣቱ ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ አፍሮ ሥዕሉን አሳያቸው። እውነት ለመናገር ሥዕሉ ያምር ነበር። የነገሩም ክብደት እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉ ቢበላሽ ኖሮ ጥፋቱ ከንቱ ድካም ነበርና ክርክር አያስፈልገውም ነበር። ማማሩ ነው የሚያከራክረው።

ውበት ለወፎች አደገኛ ሆኖ ያውቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓና የአሜሪካ ወይዛዝርት ባርኔጣ በወፍ ላባ ያጌጥ ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ አዋቂ በ1886 በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ላይ 700 የሴት ባርኔጣዎች ቢቆጥር 542ቱ የወፍ ላባ ወይም አካል ተሰክቶባቸው አገኘ። ከሁሉ የሚፈለገው የነጭ ሳቢሳ የጀርባ ላባ ነበር። ያ እንደ ሐር የሚወርድ ላባ ደግሞ የሚያድገው በመራቢያ ወቅት ብቻ ስለሆነ፣ አዳኞች ወላጆቹን ጎጆ ላይ ይገድሏቸዋል፤ ጫጩቶቹም በረሃብ ያልቃሉ። በ1896 ሐሪየት ሔመንዌይና ሚና ሆል የተባሉ ሁለት የቦስተን ወይዛዝርት ጓደኞቻቸውን ሻይ እየጋበዙ ላባ ከባርኔጣቸው እንዲያወርዱ አስማሉ፤ የማሳቹሴትስ ኦዱቦን ማኅበርም ከዚያ ተወለደ። በ1905 ጋይ ብራድሌይ የሚባል የፍሎሪዳ የወፍ ጠባቂ በሥራው ላይ ተገደለ። ፍልሰተኛ ወፎችን የሚጠብቀው ሕግ በ1918 ወጣ። ዛሬ በኬኒልወርዝ ኩሬ ውስጥ የምትቆም ነጭ ሳቢሳ ከዚያ እልቂት የተረፉት ዘር ናት።

ካሜራው በዚህ ታሪክ ውስጥ በደግ ወገን ቆሞ ነበር። ዊሊያም ፊንሊና ኸርማን ቦልማን የተባሉ ሁለት የኦሬገን ሰዎች ከባድ የመስታወት ፊልም ተሸክመው ወፎችን በየሐይቁ ሲያነሱ ኖሩ። በ1908 ወደ ማልኸር ሐይቅ የሄዱት ነጭ ሳቢሳዎችን ፍለጋ ነበር፤ ላባ አዳኞች ግን አስቀድመው ፈጅተዋቸዋል። ፎቶግራፎቻቸውና ሪፖርታቸው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዚያው ዓመት ሐይቁን የወፎች መጠበቂያ እንዲያደርጉት ረዳ። ስለዚህ ፎቶ ማንሳት በራሱ ጥፋት ነው ማለት ስህተት ብቻ ሳይሆን ውለታ መርሳትም ነው። ያላየነውን አንወድም፤ ብዙዎቻችን ደግሞ የምናየው ሌላው ባነሳልን ሥዕል ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የዛሬው ፎቶ አንሺ አጥብቆ የሚመኘው ምንድን ነው? በመራቢያዋ ወራት፣ ጎጆዋ ላይ ወይም ጎጆዋ አጠገብ፣ ያንኑ ሐር የመሰለ ላባ ዘርግታ ማየት! ባርኔጣ ሰፊው የተመኘውን ያንኑ ላባ፣ በዚያው ወቅት። መሣሪያው ተለውጧል፤ ይህም ትልቅ ለውጥ ነው፤ ወፏ በሕይወት ትቀራለች። ምኞቱ ግን ያው ነው። ምኞት ደግሞ መሣሪያው ስለለዘበ ብቻ ልኩን አያውቅም።

"ብትነሳስ ምን ሆነች? ወደ ሌላ ኩሬ ሄደች፤ በቃ። ዶሮ ወጥ እየበላን ለሳቢሳ ማልቀስ አስመሳይነት ነው" የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ ማስነሳት ሳቢሳ አይገድልም። ነገር ግን በሕዝብ አትክልት ሥፍራ አንድ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። የአንዱ ጭብጨባ የአንዱ ነው፤ የወፏ ቀን ግን የሁሉም ጭብጨባ ድምር ነው። በየጊዜው ስትነሳ ያደባችበትን ዓሣ ታጣለች፣ ለመብረር ጉልበቷን ትከፍላለች፣ ጎጆ ካላት ጫጩቶቿን ትታ ትሄዳለች። ዶሮን በተመለከተ፣ ዶሮ የምናርደው ለመብላት መሆኑን ሳንሸፋፍን ነው። ማንም ሰው ዶሮ አርዶ "ወደድኳት" አይልም። ፎቶ አንሺው ግን ፍቅር ነው ይላል፤ ስለዚህም በፍቅር ሕግ መጠየቁ አይቀርም።

ፈላስፎቹ ስለ እንስሳ ሲያስቡ በሁለት መንገድ ሄደዋል። ካንት እንስሳን የሚያስጨንቅ ሰው የራሱን ሰብዓዊነት ያደነድናል፤ ጉዳቱ ዞሮ በሰው ላይ ይደርሳል ባይ ነው። ቤንታም በበኩሉ በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ የእንስሳቱን አእምሮና አንደበት መመዘን ትተን ሕመማቸውን እንድናይ ጠይቋል። ሁለቱም ትልቅ ነገር ተናግረዋል። የኬኒልወርዙ ጭብጨባ ግን ከሁለቱም መዳፍ የሚያመልጥ ይመስለኛል። ወጣቱ ልቡ አልደነደነም፤ ወፏም ተሰቃየች ለማለት ያስቸግራል። ታዲያ ምን ተበላሸ?

የእኔ መልስ እውነት ተበላሸ የሚል ነው። በዚያ ውብ ሥዕል ላይ የሚታየው በረራ ሳይሆን ሽሽት ነው። ሳቢሳ በራሷ ጊዜ፣ ጠግባ ወይም ጎጆዋን አስባ ስትነሳ የሚታይ ነገር አለ፤ ከሰው ስትሸሽ የሚታይ ሌላ ነገር አለ። ሁለተኛውን አንስቶ በአንደኛው ስም ግድግዳ ላይ መስቀል ሐሰት ነው። እንዲያውም በሥዕሉ ውስጥ ያለው ዋና ነገር ወፏ አይደለችም፤ ፎቶ አንሺው ነው። ፍርሃቷ የእርሱ ጥላ ነው። አዛውንቷ "ጀርባዋን አየን" ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ይመስለኛል። ከእኛ የሸሸ ፍጡር ፊቱን አላሳየንም። ለዚህ ነው በዚህ ሙያ እውነተኛነትና ርኅራኄ ሁለት ግዴታዎች አይደሉም የምለው። ወፏን ያልነካ ያያታል፤ የነካት የነካበትን እጁን ያያል።

መደለያ መጣልም ከዚህ አይርቅም። አረንጓዴዋ ሳቢሳ ራሷ አታላይ ናት፤ ነፍሳት ወይም የዳቦ ፍርፋሪ ውሃው ላይ ጥላ ዓሣ ሲመጣ ትለቅማለች። እርሷ ካታለለች እኛስ ይባል ይሆናል። የእርሷ ማታለል ግን ምሳዋ ነው፤ የእኛ ጌጣችን ነው። በሐዋሳ አሞራ ገደል ከዓሣ አጥማጆች እግር ሥር ትርፍራፊ የሚለቅሙትን አባ ኮዳዎች ያየ ሰው የጉዳዩን ሌላ ገጽታ ያውቃል። እነርሱ አይሸሹም፤ ሰው አጠገብ መኖርን ለምደዋል። እዚያ የሚነሳ ፎቶ እውነተኛ የሚሆነው ዓሣ ቆራጩም፣ ደሙም፣ ግርግሩም አብሮ ሲታይ ነው። ያንን ሁሉ ቆርጦ አባ ኮዳን ብቻውን በምድረ በዳ እንደቆመ ማሳየት ደግሞ ሳያጨበጭቡ ማስነሳት ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል፤ እርሱን ሸሽቼ ብጨርስ ከላይ ያልኩትን ሁሉ አፈርሳለሁ። ራቅ ብለህ አንሳ ማለት ለማን ይቀላል? በብዙ ሺህ ዶላር ሌንስ ለገዛው ነው። እርሱ ከሩቅ ቆሞ የሳቢሳዋን ዓይን ይቆጥራል። ስልኩን ብቻ የያዘው ሰው ርቀቱን ሲያከብር ይዞ የሚመለሰው አንዲት ነጭ ነጥብ ነው። ሥነ ምግባሩ ለሀብታም በቅናሽ፣ ለድሃ በውድ ይሸጣል ማለት ነው። ይህ እውነት ነው፤ አላስተባብለውም። ድሃው የሚያጣው ግን ሥዕሉን እንጂ ሳቢሳዋን አይደለም። እርሷ እዚያው ቆማለች፤ እርሱም እያያት ነው። እንዲያውም የርቀቱ ሕግ ከፈረሰ አስቀድሞ የሚጎዳው ያው ሌንስ የሌለው ሰው ነው፤ ሌላው አስነስቶ ባነሳው ሥዕል ሊጽናና አይችልምና።

በዚያ ሥፍራ አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው። ይህን ሕግ የሚቃወም ሰው አላጋጠመኝም። አንድ አበባ ከሺህ አበባ ቢጎድል ኩሬው አይራቆትም፤ ቢሆንም ሁሉም ይስማማል፤ የሕዝብ የሆነ ነገር የሚታይ እንጂ የሚወሰድ አይደለምና። የሳቢሳዋ መቆምም እንደዚያው የሕዝብ ነው። የመጀመሪያው ጎብኚ አይቷት ሲሄድ፣ ከኋላው እጇን ለአያቷ ሰጥታ የምትመጣው ልጅ እዚያው ልታገኛት ይገባል።