ለቆሰለ ወታደር የሚገባው ዋጋ

ለአገሩ ዘምቶ እጁን ወይም እግሩን፣ ዐይኑን ወይም የልቡናውን ሰላም አጥቶ የተመለሰ ሰው ከአገሩ የሚቀበለው ገንዘብ ምንድን ነው? ምጽዋት ነውን፣ ወይስ ዕዳ? ምጽዋት ከሆነ ሰጪው ሊመሰገን፣ ተቀባዩም ሊያቀረቅር ይገባዋል። ዕዳ ከሆነ ግን ከፋዩ ስለ ከፈለ አይመካም፣ ተቀባዩም ስለ ተቀበለ አያፍርም። ደግሞስ ሳይቆስል ቆሰልሁ፣ በጥቂቱ ቆስሎ በብዙ ቆሰልሁ የሚል ሰው ሲገኝ፣ በእርሱ ምክንያት እውነተኛው ጉዳተኛ ሁሉ እንደ ሌባ ሊመረመር ይገባልን?

ይህ ነገር የጦር ሹማምንትና የገንዘብ ያዦች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የእውነትና የሐሰት፣ የፍርድና የርኅራኄ ነገር ስለሆነ የነፍስ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከልም በዚያ አገር ሠራዊት ያገለገሉ ስላሉ፣ ጥያቄው እስከ ንስሐ አባቶች ደጅ ይደርሳል። ስለዚህ ነገሩን በዚያው በአሜሪካ ሕግና ታሪክ እየመረመርን እንሄዳለን፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ዕዳ መሆኑን እንመልከት። በቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 30 እንደምናነበው፣ ዳዊት አማሌቃውያንን ሲያሳድድ ሁለት መቶ ሰዎች ደክመው በወንዙ ዳር ቀሩ፤ አራት መቶው ግን ተሻግረው ተዋጉ፣ ምርኮውንም ይዘው ተመለሱ። ከተዋጉትም መካከል ክፉዎቹ ለደከሙት ከምርኮው አንዳች እንዳይሰጣቸው ተናገሩ። ዳዊት ግን የተዋጋውና ዕቃ የጠበቀው እኩል እንዲካፈሉ ፈረደ፤ ፍርዱም ለእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ቀረ። እነዚያ ሁለት መቶ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው አልለመኑም። አብረው ወጥተው ነበርና፣ ድካማቸውም የመጣው በዚያው ዘመቻ ነበርና፣ ድርሻቸው የፍርድ እንጂ የልመና አልነበረም።

በአሜሪካ ሕግም ለጦር ጉዳተኛ የሚሰጠው ካሣ የድህነት መጦሪያ አይደለም። የጉዳቱ መጠን ከ0 ጀምሮ በአሥር በአሥር እየጨመረ ከመቶ 100 እስኪሞላ ይጻፋል። መለኪያውም እንዲህ ያለው ጉዳት በሰላማዊ ሥራ ላይ በአማካይ የሚያሳጣው የገቢ ዐቅም ነው። በ2025 የሚያስተዳድረው ቤተሰብ የሌለው ሰው ከመቶ 10 ቢጻፍለት በወር 175 ዶላር ከ51 ሳንቲም፣ ከመቶ 100 ቢጻፍለት 3,831 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይከፈለው ነበር። «በአማካይ» የተባለውን ቃል አንባቢ ሳያስተውል አይለፈው። አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው ተምሮ ጠበቃ ቢሆን፣ ብዙም ገንዘብ ቢያገኝ፣ ካሣው አይቀነስበትም፤ በደመወዙ ምክንያት እግሩ አልበቀለለትምና። ስለዚህ «እርሱ ሠርቶ እየበላ ለምን ይቀበላል?» የሚለው ሐሜት ሕጉን ካለማወቅ የመጣ ነው።

ይህም ሐሜት አዲስ አይደለም። ከጌታ ልደት አራት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ በአቴና ከተማ፣ አካሉ ለተጎዳ ድሀ በየቀኑ ጥቂት ገንዘብ ከመንግሥት ይሰጠው ነበር። ሊስያስ የተባለው የንግግር ሊቅ ካዘጋጃቸው የችሎት ንግግሮች አንዱ ይህን አበል ሊያስቀሩበት ስለ ተከሰሰ ጉዳተኛ ነው። ክሱም ሥራ አለው፣ በፈረስም ይቀመጣል የሚል ነበር። ሰውየውም ሲመልስ በፈረስ የሚቀመጠው ሩቅ መንገድ በእግሩ መሄድ ስለማይችል እንደ ሆነ አስረዳ። እነሆ፣ ከሳሾቹ የጤንነት ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ራሱ የጉዳቱ ምልክት ነበር። ዛሬም ጎረቤቱን በመስኮት አይቶ የሚፈርድ ሰው ከዚህ ስሕተት አያመልጥም።

ይህን ካልን በኋላ ግን ሐሰተኛ የለም ማለት አይቻልም። አሜሪካኖች ከ1861 እስከ 1865 እርስ በርሳቸው ከተዋጉ በኋላ፣ በሰሜኑ ወገን ለቆሰሉት የሚከፈለው ጡረታ እየሰፋ ሄደ። በ1862 የወጣው ሕግ በአገልግሎት ላይ የተጎዳውን ብቻ ይመለከት ነበር። በ1890 የወጣው ግን 90 ቀን ያገለገለና በጉልበቱ መሥራት ያቃተው ሁሉ፣ ጉዳቱ ከጦርነቱ ባይመጣ እንኳ፣ እንዲቀበል ፈቀደ። በ1893 በመዝገቡ ላይ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነበረ፤ ወጪውም ከማዕከላዊው መንግሥት ገቢ ከሦስት እጅ አንዱን እጅ አለፈ። ከእነዚያ መካከል እውነተኞች ብዙ ነበሩ። ነገር ግን የምርጫ ድምፅ የሚሹ ፖለቲከኞችና ማመልከቻ በማዘጋጀት የሚነግዱ ደላሎች ስለ ገቡበት፣ መዝገቡ ከሐሰት ንጹሕ ሊሆን አልቻለም። ደላላው ለአንድ ማመልከቻ ከ10 ዶላር በላይ እንዳይቀበል ገና በ1864 በሕግ መወሰኑ የዚህ ንግድ ዕድሜ ረጅም መሆኑን ያሳያል። ዛሬም የአርበኞች ማኅበራት ያለ ዋጋ እየረዱ ሳለ፣ ያለ ፈቃድ ብዙ ገንዘብ እየተቀበሉ «እንዲህ ብለህ ብትናገር ይህን ያህል ይጻፍልሃል» የሚሉ አልታጡም።

ሐሰቱም የወታደሩ ብቻ አይደለም። በ1921 የተቋቋመው የቀድሞ ወታደሮች ቢሮ የመጀመሪያ አለቃ የነበረው ቻርልስ ፎርብስ፣ መንግሥትን ለማታለል በመዶለት በ1925 ተፈረደበት፣ በኋላም ወህኒ ወረደ። ለቁስለኞች ሆስፒታል እንዲያሠራ የታመነው ሰው በቁስለኞች ስም ከበረ። ስለዚህ ስለ ማጭበርበር የሚናገር ሁሉ ዐይኑን ወደ ታች ብቻ አያድርግ፤ ወደ ላይም ይመልከት።

የዚህ ኃጢአት ክፋት ወዴት ነው? ግያዝ ከንዕማን ብርና ልብስ ሲቀበል ለራሴ ብሎ አልጠየቀም፤ ሁለት ጎልማሶች የነቢያት ልጆች መጥተውብናል ብሎ ጠየቀ። ጥፋቱ ገንዘብ መውደዱ ብቻ ሳይሆን የችግረኛውን ስም መነገጃ ማድረጉ ነው። ሳይጎዳ ተጎዳሁ የሚለውም እንደዚሁ ነው። ከግምጃ ቤቱ የሚወስደው ገንዘብ ለመንግሥት ጥቂት ሊሆን ይችላል። ከእውነተኛው ቁስለኛ የሚወስደው ግን መታመንን ነው። የአገራችን ሰው ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል እንደሚለው፣ አንድ ሐሰተኛ በተገኘ ቁጥር ከእርሱ በኋላ ወረፋ የሚጠብቁት እውነተኞች ጥያቄ ይበዛባቸዋል፣ ወረቀታቸው ይዘገያል፣ ሲያነክሱ የሚያያቸውም ሰው በልቡ «እውነት ይሆን?» ይላል። ስለ ሌላው ሐሰት የሚከፍለው እግር የሌለው ሰው ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ጥርጣሬ ያለ ልክ ሲሆን ራሱ ግፍ ይሆናል። አሜሪካ ከ1962 እስከ 1971 በቬትናም ጫካ ላይ ቅጠል የሚያረግፍ መርዝ ረጭታ ነበር። ወታደሮቹ ታመምን ሲሉ ለብዙ ዓመታት ማስረጃ አምጡ እየተባሉ ተመለሱ። ሕመሞቻቸው ከመርዙ እንደ መጡ ተቆጥረው እንዲካሱ የሚያዝዘው ሕግ የወጣው በ1991 ነው፤ በዚህ መካከል ብዙዎች አርፈዋል። ከጦርነት በኋላ የሚመጣው የልቡና መታወክም በአሜሪካ ሐኪሞች የበሽታ መዝገብ በስሙ የገባው በ1980 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ወታደር በሌሊት እየጮኸ ሲነቃ ፈሪ ወይም ሰካራም ይባል ነበር። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ጉድጓድ የወጣውን ጢስ የተነፈሱትም ሰፊ ሕግ የወጣላቸው በነሐሴ 2022 ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቁስሉ የማይታይ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆስላል፤ አንድ ጊዜ በጦር ሜዳ፣ አንድ ጊዜም በመርማሪ ፊት።

የሜምፊቦስቴ ታሪክ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ይይዛል። እርሱ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ዮናታንና አያቱ ሳኦል በጦርነት የመሞታቸው ወሬ ሲደርስ፣ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለት እግሩ ሽባ ሆነ። ዳዊት ከነገሠ በኋላ ርስቱን መለሰለት፣ በንጉሡ ማዕድም ይበላ ዘንድ አዘዘ። ነገር ግን ዳዊት ከአቤሴሎም በሸሸ ጊዜ አገልጋዩ ሲባ እንጀራና ዘቢብ ጭኖ መጣና፣ ጌታው መንግሥት ተመኝቶ እንደ ቀረ በሐሰት ተናገረ። ንጉሡም ሳይመረምር ርስቱን ሁሉ ለሲባ ሰጠው። በኋላ ሜምፊቦስቴ እግሩን ሳይጠብቅ፣ ጢሙን ሳያበጅ፣ ልብሱንም ሳያሳጥብ መጥቶ እንደ ተታለለ አስረዳ። ዳዊት ግን ነገሩን ለይቶ በመፍረድ ፈንታ ርስቱን ለሁለት እንዲካፈሉ አለ። እንግዲህ ሐሰተኛው ከጉዳተኛው ርስት ግማሹን ይዞ ቀረ። ደግ ንጉሥ እንኳ ስጦታ ይዞ የቀረበውን ፈጥኖ ሲያምን፣ ያልቀረበውንም ፈጥኖ ሲጠረጥር፣ ካሣው ከባለቤቱ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ታዲያ በሁለቱ መካከል ሚዛኑ ምንድን ነው? የአሜሪካ ሕግ በዚህ ነገር አስተዋይ ሥርዓት አለው። የሚደግፈውና የሚቃወመው ማስረጃ እኩል ሲመዛዘን፣ ጥርጣሬው ለጠያቂው እንዲጠቅም ያዝዛል። ለሃያ ዓመት ሳይቋረጥ የጸና የጉዳት መጠንም ማጭበርበር ካልተገኘበት በቀር ዝቅ አይደረግም። ሕጉ እንዲህ ማለቱ ነው፤ አንድ ሐሰተኛ ሊያመልጥ ይችላል፣ ነገር ግን አንድ እውነተኛ ባዶ እጁን ከሚመለስ ይህ ይሻላል።

ይህ ርኅራኄ ግን የፍርዱን ግማሽ ለጠያቂው ኅሊና ትቶለታል። ከሚካሱት ጉዳቶች ሁሉ በቍጥር የሚበልጠው የጆሮ ጩኸት ነው። ይህን ጩኸት ከሰውየው በቀር የሚሰማው የለም፤ ሐኪሙም በአብዛኛው የሚጽፈው ሰውየው የነገረውን ነው። እንግዲህ በዚያች ክፍል ውስጥ ዳኛው ማን ነው? ሕጉ ሚዛኑን ወደ ጠያቂው ባዘነበለ መጠን የጠያቂው ቃል እየከበደ ይሄዳል። ሕግ ሰውን ሲያምነው ያከብረዋል፤ የታመነበትን ቃል ለሐሰት የሚያውል ግን ያከበረውን ይሰርቃል።

አንዳንዶች በዚህ ነገር ምክንያት ያቀርባሉ። «መንግሥቱ ባለጸጋ ነው» ይላሉ። የባለቤቱ ብልጽግና ስርቆትን ጽድቅ ካላደረገ፣ የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ሲሞላ መስረቅም አይጸድቅም። «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» ይላሉ። ሁሉ ያደርጋል የሚለው ቃል በፍርድ ቀን ጠበቃ አይሆንም፤ ደግሞም እውነት አይደለም፤ በእውነት ቆስለው ከኀፍረት የተነሣ ከቶ ያላመለከቱ አሉና። «ስላገለገልሁ ይገባኛል» የሚለው ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፣ በውስጡ እውነት አለበትና። ለአገልግሎት ክብርና ምስጋና ይገባል። ይህ ካሣ ግን የአገልግሎት ሽልማት ሳይሆን የጉዳት ዋጋ ነው። አብሮት ያገለገለውን፣ ሳይጎዳ የተመለሰውንና ምንም ያልጠየቀውን ጓደኛውን ያስብ። ሁለቱ እኩል አገልግለዋል፤ የለያቸው ሐሰት ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ መጥቶ ስለዚህ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? በእውነት ከተጎዳ ያለ ኀፍረት ይጠይቅ፤ ሕመሙን አሳንሶ መናገርም እውነትን ማጉደል ነውና እንዳለ ይናገር። የልቡናው መታወክ ከሆነ፣ ጸሎቱና ጠበሉ ሐኪሙን እንደማያስቀሩ ይነገረው። ጉዳቱን ያጋነነ ከሆነ ማጋነኑን ይተው፣ መዝገቡንም ያስተካክል። ሠርቼ መኖር አልችልም ብሎ በዚያ ምክንያት ሙሉውን የሚቀበል፣ በስውር ግን እንደ ጤነኛ የሚሠራ ቢሆን፣ በአንደበቱ ብቻ ሳይሆን በእጁም ንስሐ ይግባ። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ ልመልስ አለ እንጂ አዝናለሁ ብሎ አልተቀመጠም። ነገሩ በወንጀል የሚያስጠይቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ሕግ ዐዋቂ አማክሮ እንዲያደርገው መምከር የካህኑ ፈንታ ነው።

እኛ ምእመናንም በጎረቤታችን ቁስል ላይ መርማሪ ሆነን አልተሾምንም። በጦር ሜዳ የተጎዳን ሰው ስናይ ምን ያህል እንደሚቀበል ከመጠየቃችን በፊት እንዴት እንደሚያድር እንጠይቀው። በአገራችንም ከ1998 እስከ 2000 እና ከ2020 እስከ 2022 ከነበሩት ጦርነቶች የተመለሱ ቁስለኞች በየደብሩ ደጅ አሉ፤ ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም።

የጦርነት ዕዳ ቶሎ አያልቅም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አበቃ። በዚያ ጦርነት የተዋጋ የአንድ ወታደር ልጅ፣ ሕመምተኛ ስለ ነበረች፣ በአባቷ ስም በወር 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም እየተቀበለች ኖራ ያረፈችው በ2020 ነው። ጦርነቱን ያወጁት፣ የተዋጉትም፣ ጡረታውን የጻፉትም ሁሉ አልፈው ዕዳው ግን 155 ዓመት ቆየ። እንዲህ ረጅም የሆነውን ዕዳ ሊሸከም የሚችለው በእውነት ላይ የቆመ መዝገብ ብቻ ነው። መንግሥት ሳይሰስት ይክፈል፤ ወታደርም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገር። ያን ጊዜ ሜምፊቦስቴ ርስቱን ከሲባ ጋር ሳይካፈል ይበላል።