የታጠረ መሬትና የጎረቤት ሐቅ

  

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከጀሞ ወደ ለቡ፣ ከለቡም ወደ ሀና ማርያም የሚመላለስ ሰው በቆርቆሮ ታጥረው ለዓመታት ቤት ያልተሠራባቸውን ቦታዎች ሳያይ አያልፍም። እኔም በሰፈሬ አያቸዋለሁ። ክረምት ሲገባ አረሙ ከአጥሩ በላይ ይወጣል። አላፊ አግዳሚው "ባለቤት የለውም" እያለ ቆሻሻ የሞላ ፌስታል በአጥሩ ላይ ይወረውራል። ጎርፍ ጠርጎ ያወጣው ቆሻሻ ቱቦውን ይደፍነዋል፤ ሽታውና አይጡ ግን ለአዋሳኙ ጎረቤት ይቀራል። በ2008 ዓ.ም ክረምት አተት በከተማችን በተከሰተ ጊዜ ንጽሕና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ሁላችንም አይተናል።

ባለይዞታውን ብንጠይቀው "ካርታ አለኝ፣ መሬቱ የእኔ ነው" ይለናል። ይሁንና በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ቦታ የወሰደ ሰው በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ እንዲጀምር፣ አለዚያ ግን ውሉ ሊቋረጥ እንደሚችል ደንግጓል። የ1999 ዓ.ም የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513ም በመንገድና በውሃ መውረጃ ላይ ቆሻሻ መጣልን ከልክሏል። ነገር ግን ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ብቻ የሚጸዳ ቦታ የባለቤቱን ፍርሃት እንጂ ኢማኑን አያሳይም።

የእኛ ሸሪዓ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አል-ዐቂቅ የተባለውን ሸለቆ ለሶሐባው ቢላል ኢብኑል ሓሪስ ሰጥተውት ነበር። (ይህ ሙአዚኑ ቢላል አይደለም።) ሊቃውንት እንደዘገቡት ዑመር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ይህን ሰው ጠርተው መሬቱ የተሰጠው ሊያለማው እንጂ ከሰው ሊከለክለው እንዳልሆነ ነገሩት። ማልማት የሚችለውን ያህል ትተውለት የቀረውን ለሙስሊሞች አከፋፈሉ። ወገኖቼ፣ ከነቢዩ እጅ የተቀበለ ሰው እንዲህ ከተባለ፣ ከማዘጋጃ ቤት የተቀበለ ሰው ምን መልስ ይኖረዋል?

የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት መሥራት ያልቻለ ሰው መኖሩን አልክድም። መሥራት ያቃተው ሰው አረሙን ማሳጨድና አጥሩን ማስጠበቅ ግን አያቅተውም። ባለቤቱ ውጭ አገር ካለ ዘመዱ ወይም ወኪሉ ይህን ያድርግለት። ባለቤቷ አቅመ ደካማ ወይም የየቲሞች እናት ከሆነች ደግሞ የሰፈሩ ጀማዓ አንድ ቅዳሜ ማጭድና አካፋ ይዞ ቢወጣ ሰደቃ ነው። መንግሥትም እንደ ዑመር አስቀድሞ ጠርቶ ያነጋግር፤ ሐብታምና ድኻም ሳይለይ ይፍረድ።

ፌስታል ወርዋሪውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሙስሊም ዘግበዋል። ታዲያ ለሱብሒ ሰላት ዉዱእ አድርጎ ሲወጣ መንገድ ላይ ቆሻሻ የሚጥል ሰው ምን ይባላል? ጎረቤቱ ከክፋቱ ሰላም ያላገኘ ሰው ኢማኑ የተሟላ እንዳልሆነም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአላህ ስም ምለው አስጠንቅቀዋል።

መሬት የአላህ ነው፤ በእጃችን ያለው አማና ነው። በቂያማ ዕለት ስለ ሰላታችን እንደምንጠየቅ ሁሉ ስለ ጎረቤታችን ሐቅም እንጠየቃለን። አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።